ሰዓት ሠሪው ባሌስትራ ሲገጥም

በሰፈሩ «አንድ ደቂቃ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። የተበላሸ ሰዓት ሲቀበል «አንድ ደቂቃ ናት» ይልና ወር ያስተኛታል። እሱም ስሙን አይጠላውም። «ደግነቱ ‹አንድ ዓመት› አላሉኝ» ይላል።

ሱቁ ደረጃ ሥር የተሸጎጠ ቁምሳጥን ያህላል። ከመስታወቱ መደብ ኋላ ተቀምጦ፣ አጉሊ መነጽሩን በአንድ ዓይኑ ጨምድዶ ይዞ፣ ከጤፍ ትንሽ የሚበልጥ ብሎን ሲያሳድድ ይውላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሐሳብ ይሄዳሉ፤ ትክክለኛውን ሰዓት ማወቅ የፈለገ ሰው፣ ባለሱቁን ጨምሮ፣ ስልኩን ያያል። ከመኪና ጋር የነበረው ዝምድና አንድ አሮጌ ፒካፕ ብቻ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ሥራ ተቀይሮ ሌላ ከተማ ሲሄድ «ጠብቅልኝ» ብሎ ትቶለት ነው። ከሚኖሩበት ሕንፃ ጀርባ ቆሞ የድመት ማረፊያ ሆኖ ነበር። አልፎ አልፎ ሲነዳውም እንደ ሥራው ነው፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ከኋላው የሰልፍ ጭራ እያስረዘመ።

እንዲህ ያለ ሰው የመኪና ባሌስትራ ልለውጥ ማለቱ ከየት መጣ ቢባል፣ ከአማቱ ዳሌ መጣ።

አማቱ የሚኖሩት አስፋልቱ ካለቀ በኋላ በሚጀምረው ዳገት አናት ላይ፣ ብቻቸውን፣ በራሳቸው ግቢ ነው። አንድ ጠዋት የዶሮዎቹ ቤት ደጃፍ ላይ አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ አስፋልቱ አወረዷቸው። ሆስፒታል ገቡ፣ ተቀደዱ፣ አዲስ ዳሌ ተገጠመላቸው፣ በክራንች መቆም ጀመሩ። ሐኪሟ ልጃቸውንና አማቻቸውን ጠርታ ነገረቻቸው።

«እናታችሁ በቅርቡ ይወጣሉ። ግን ደረጃ የለም። መንገጫገጭ የለም። ጉልበታቸው ከዳሌያቸው በላይ ከፍ እንዲል ማድረግም የለም። አዲሱ ዳሌ ከቦታው ከወጣ እንደገና መቅደድ ነው፤ በእሳቸው ዕድሜ ደግሞ ሁለተኛውን አልደፍረውም።»

ባልና ሚስት ተያዩ። የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ደረጃ የሌለው ቤት የአሮጊቷ የራሳቸው ብቻ ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ደግሞ የበግ ራስ የሚያካክል ድንጋይ የተበተነበት ነው። አምቡላንሱ ከአስፋልቱ አያልፍም። ባለ ኪራይ መኪኖች የዳገቱን ስም ሲሰሙ ስልኩን ይዘጋሉ። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ማንም አይወጣውም። ጎረቤቶች «እንዳወረድናቸው እናወጣቸዋለን» ብለው ቢልኩ፣ አማቱ ከአልጋቸው ላይ ሆነው እጃቸውን አወናጨፉ።

«አንዴ እንደ ሬሳ ወርጃለሁ። እንደ ሬሳ አልመለስም። ወይ ተቀምጬ እገባለሁ፣ ወይ እዚሁ ቅበሩኝ።»

«እኔ አወጣዎታለሁ እማማ» አለ ሰዓት ሠሪው። ለአፍ ዳገት የለውም።

በማግስቱ ፒካፑን ለብቻው ይዞ ዳገቱን ሞከረው። ምን ያህል እንደሚነቀንቅ ለመለካት ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ ውሃ የሞላ ሳፋ አስቀመጠ። ሐሳቡ የራሱ ነበር፣ ኮርቶበታል። ፒካፑ ግን ጭነት ካልጫኑበት እንደ በቅሎ የሚራገጥ ነው። ባሌስትራው፣ ማለትም ከአክስሉ ጋር ተደራርቦ የታሰረው የብረት ቅጠል፣ ብዙ ኩንታል እንዲሸከም የተሠራ ስለሆነ አንድ ሰዓት ሠሪና አንድ ሳፋ ሲቀመጡበት እንደ ዝንብም አልቆጠራቸው። አናቱ ላይ ሲደርስ ሳፋው ውስጥ የቀረው ለአንድ ጉሮሮ የሚበቃ ነበር። ሌላው ሁሉ ሰዓት ሠሪው ጭን ላይ ነበር።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ከወገቡ በታች አየችው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሙከራ ነው።»

«እንዲህ ያለውን ሙከራ ሕፃናት ናቸው የሚያደርጉት። ተኝተው።»

ከዚያ ወደ ሰፈሩ በያጅ ሄደ። በያጁ ማታም ሆነ ጥላ ሥር ጥቁር መነጽሩን ስለማያወልቅ «ጨለማው» ይባላል። የመበየጃ ቦታው ከወላለቁ መኪኖች ግቢ ጋር በአንድ አጥር የተያያዘ ነው። ሰዓት ሠሪው ችግሩን ነገረው፤ ቀጥሎም ችግሩ እንዴት እንደሚፈታ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ አስረዳው።

«የሰዓትም ይሁን የመኪና፣ ሞላ ሞላ ነው» አለ። «ትንሽም ሆነ ትልቅ ሕጉ አንድ ነው። ዕድሜዬን ከሞላ ጋር ነው የኖርኩት።»

«ያንተዋ ሞላ እኮ ስታስነጥስ የምትጠፋው ናት» አለ ጨለማው። «ይቺኛዋ ስታመልጥ አንተን ነው የምታጠፋህ።»

«ታግዘኛለህ ወይስ አታግዘኝም?»

«አግዝሃለሁ እንጂ። እንዲህ ያለ ትርኢት በነፃ ከየት ይገኛል?»

ገንዘብ አልነበረውም፤ ስለዚህ በሰዓት ከፈለ። የወላለቁት መኪኖች ግቢ ባለቤት ደወሉ የጠፋ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ነበረው። ሰዓቱ መደወል ሲጀምር ከተጋጨ ሚኒባስ ላይ ረጃጅምና ስስ ባሌስትራዎች ተፈትተው መጡ። የባለ ግቢው ሚስት የእጅ ሰዓት ሲድን ደግሞ ከተጣለ አምቡላንስ ላይ አራት አሞርዛተር፣ የባሌስትራን ውዝዋዜ የሚያፍነው ቱቦ፣ ተነቀለ። አምቡላንስ መሆኑ ሰዓት ሠሪውን አስደሰተው፤ ሕመምተኛ የለመደ ዕቃ መሰለው። ባሌስትራው የሚታሰርበትን ጆሮ ጨለማው ከወፍራም የበር ላሜራ ቆርጦ ሻንሲው ላይ በየደው። በብረትና በብረት መካከል የሚገባውን ላስቲክ ሰዓት ሠሪው ራሱ ከአሮጌ የካሚዮን ጎማ በቢላ ቀረጸው። አጉሊ መነጽሩን አድርጎ ነው የቀረጸው። ጨለማው አላፊ አግዳሚውን እየጠራ አሳየው።

መጀመሪያ ላይ አሞርዛተሩን አልገጥምም ብሎ ነበር። ምክንያቱም የሙያው ነው። በሰዓት ውስጥ ወዲያ ወዲህ የምትመላለስ ትንሽ ክብ አለች። እሷ ከቆመች ሰዓቱ ሞተ ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያንን ውዝዋዜ ለማቆየት የለፋ ሰው፣ ውዝዋዜ ለመግደል ተብሎ የተሠራ ዕቃ ሲያይ አንጀቱ አልቻለም።

«የሚንቀሳቀስ ነገር ለምን ይታነቃል?» አለ።

«እሺ፣ ነዳት» አለ ጨለማው።

ነዳው። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ፒካፑ ዝቅ ብሎ ተነሣ፤ ደግሞ ዝቅ ብሎ ተነሣ፤ ጉድጓዱ ከኋላ ቀርቶ እንኳ፣ በሁሉም ነገር እንደሚስማማ ሰው፣ አንገቱን እየነቀነቀ ሄደ። ሳፋው አዲስ ውሃ አጠመቀው። ሰዓት ሠሪው ከመኪናው ወርዶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ፣ ሆዱን ያዘ፣ ቁርሱን መለሰ።

«ትክክለኛ ሰዓት ሠርተሃል» አለ ጨለማው፣ እየሳቀ መነጽሩን እስኪያወልቅ። «እስከ ነገ አትቆምም!»

አሞርዛተሮቹ ገቡ። ሰዓት ሠሪውም ስለ ሞላ ማስተማሩን ለጥቂት ጊዜ ተወ። ከባሌስትራው አንድ ቅጠል ቀነሱ፣ ሳፋውን ጭነው ወጡ፤ ሌላ ጨመሩ፣ ደግመው ወጡ። ሳፋውን ጨለማው ነው በሁለት እጁ አንሥቶ ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጠው፤ የሚያወርደውም እሱ ነው። በመጨረሻ ዳገቱን ወጥተው ሲወርዱ ከውሃው የጎደለው ወፍ የጠጣችው ያህል ነበር። ሁለቱ ሰዎች ተቃቀፉ።

እዚያ ላይ ቢበቃቸው ጥሩ ነበር። አልበቃቸውም። ረጃጅሞቹ ባሌስትራዎች መኪናውን ከፍ አድርገውት ነበር፤ ከፍታው ጣማቸው። «ድንጋዩ ሆዷን እንዳይነካት» ተባለና የእርሻ መኪና ጎማ ተፈለገ፤ ጎማው እንዲገባ ደግሞ አካሉ ይበልጥ ተነሣ። ሥራው ሲያልቅ ጨለማው ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አየው።

«በለው! አንበሳ መሰለች!»

ሰዓት ሠሪው መሪውን ጨብጦ፣ አንድ እግሩን ሰቅሎ፣ ራሱን ወደ ላይ ሳበ። ሱሪው ከመቀመጫው ላይ ተተረተረ። ሱሪው አንድ ነገር ሊነግረው ፈልጎ ነበር፤ እሱ ግን በመስኮቱ የሰዎችን አናት ቁልቁል እያየ ስለነበር አልሰማውም። ቁመቱ አጭር ነው። በዕድሜው የሰው መላጣ ከላይ አይቶ አያውቅም።

ሚስቱ ከሥራ መልስ ሁልጊዜ እናቷ ጋ ስለምታመሽ መኪናውን አላየችውም። «ጨረስኩ፤ ከውሃው ጠብታ አልፈሰሰም» አላት። «ተባረክ» አለችው። ሰማዩ መክበድ ጀምሮ ነበር።

አማቱ በሚወጡበት ቀን ፒካፑን አጥቦ ወልውሎ ሆስፒታሉ በር ላይ አቆመው። ነርሷ አሮጊቷን በዊልቸር ይዛ ወጣች፤ ሚስቱ ቦርሳና ክራንች ይዛ ተከተለች። ሦስቱም ቆሙ። በሩ ተከፍቶ ነበር። ዊልቸር ላይ ለተቀመጡት አሮጊት የመኪናው ወለል ከደረታቸው ትይዩ ነበር፤ ወንበሩማ ሌላ አገር ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ አማቱ።

«መኪናው ነው እማማ። ምንም አይነቀንቅዎትም።»

«አዎ። ካልወጣሁበት በምን ይነቀንቀኛል?»

ያን ጊዜ ገባው። ያን ሁሉ ጊዜ የለካው በሳፋ ነው። ሳፋ ውሃ እንጂ እግር የለውም፤ ወንበሩ ላይ የወጣው በጨለማው እጅ ነው። እሱ ስለ መንገዱ ሁሉንም አስቦ ስለ በሩ አንዳች አላሰበም። ቤት ሠርቶ ደረጃውን የረሳ ግንበኛ ሲሰማ ይስቅ ነበር፤ አሁን ማን ላይ እንደሚስቅ አወቀ።

ነርሷ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ጉልበታቸው ከዳሌያቸው በላይ አይነሣም ተብላችኋል። እዚህ ላይ እንዴት አድርገው ነው የሚወጡት?»

«ሰዎች ጠርተን እንሸከማቸው» አለ አንድ አላፊ።

«ማንም አይሸከመኝም!» አሉ አሮጊቷ። «ተቀምጬ ብያለሁ፣ ተቀምጬ ነው!»

«አንተ ሰውዬ» አለች ሚስቱ በቀስታ። ቀስታዋ ነው የሚያስፈራው። «እናቴን ነው ወይስ ቀጭኔ ልትጭን ነው ያሰብከው?»

«ወደ ክፍላቸው መልሰን...» ሊል ጀመረ ሰዓት ሠሪው።

«አልጋው ለሌላ ተሰጥቷል» አለች ነርሷ።

ይህ ሳይበቃ ዘበኛው እየሮጠ መጣ። «ወንድም፣ አምቡላንስ ሊገባ ነው! አንሣልኝ ይሄን ፎቅ!»

ሰዓት ሠሪው ተንጠላጥሎ ገባ። ጆሮው ግሎ፣ ዓይኑ ብዥ ብሎበት ወደ ኋላ ነዳ። በአስፋልቱና በእግረኛው መንገድ መካከል ክፍት የፍሳሽ ቦይ አለ፤ ጉልበት ድረስ የሚጠልቅ። በመስታወቱ ያየው የሚስቱን ፊት ብቻ ስለነበር ቦዩን አላየውም። የቀኝ የኋላ ጎማ ገባ። ሊያወጣው ሲታገል የፊተኛውም ተከተለው። ፒካፑ ወደ እግረኛው መንገድ ዘመም ብሎ፣ እንደ ደከመ ከብት ጋደም አለ። ሰዎች «ኡ!» አሉ። ሰዓት ሠሪው ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። በዓለም ላይ እንደ ሰዓት ያለ ጥሩ ነገር የለም፣ ቢበላሽ ኪስ ውስጥ ይደበቃል ብሎ አሰበ።

«አንቺ ልጅ» ሲሉ ተሰሙ አሮጊቷ፣ ነርሷን ነው። «ወደዚያ ግፊኝ እስቲ።»

«ወዴት እማማ?»

«በሩ ወርዶልኝ የለም እንዴ! ሳይነሣ ቶሎ በይ!»

እውነትም ወርዷል። ጎማዎቹ ቦዩ ውስጥ፣ ዊልቸሩ ከፍ ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ሲሆን፣ የመኪናው ወንበርና የዊልቸሩ ወንበር እኩል ለእኩል ተያዩ። ዘበኛው ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሰጠ፤ ልጃቸው ትከሻውን ረግጣ በሹፌሩ በኩል፣ ባሏን አልፋ፣ ወደ ውስጥ ገባችና እናቷን ከኋላ በብብታቸው ያዘች። ነርሷ ከፊት ሆና አዘዘች። «መጀመሪያ መቀመጫ። እንደሱ። አሁን ወደ ኋላ ሸርተት። አሁን እግር፣ ሁለቱን አንድ ላይ፣ ቀስ።» አሮጊቷ ጀርባቸውን ቀድመው ገቡ፣ ዞሩ፣ ተቀመጡ። ቀበቶ ታሰረ። በሩ ተዘጋ።

ሰዓት ሠሪው በጎማዎቹ ሁሉ እንዲስብ አድርጎ፣ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብቶ፣ እግሩን በስሱ አሳረፈ። የፊቱ ጎማ የቦዩን ጠርዝ ቧጠጠ፣ ያዘ፣ ወጣ። ባሌስትራው ተለጠጠ፣ አሞርዛተሩ ተነፈሰ፣ የኋላውም ተከተለ። አሮጊቷ የተወዛወዙት በእጅ የታቀፉትን ያህል ነው። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ያማረው ይህ ነበር። ዞር ብሎ ማን እንዳየው ተመለከተ። ሰው ሁሉ የሚገባውን አምቡላንስ ያይ ነበር።

አስፋልቱ አልቆ ድንጋዩ ሲጀምር መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። አማቱ በሩ ጥግ፣ ሚስቱ መካከል ናት። እያንዳንዱን ድንጋይ ጎማው በየተራ እየሳመ ሲያልፍ፣ ከጎን በኩል የሚመጣ «ወይኔ» ለመስማት ጆሮውን አቆመ። ምንም የለም። ከሁሉ የከፋው አቀበት ላይ ሲደርሱ ዝምታው አስፈራው።

«እማማ ዝም አሉ» አለ በሹክሹክታ።

«ተኝታለች።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ሚስቱ መልስ ሳትሰጠው የእናቷ ማንኮራፋት መለሰለት።

«አየሽ?» አለ። «አየሽ አይደል? ረጅሙ ቅጠል ነው እኮ። ጉብታው ሲመጣ...»

«ዝም ብለህ ንዳ» አለች ሚስቱ። ግን እጇን ጉልበቱ ላይ አሳርፋ ነበር፤ እስከ አናቱም አላነሣችም።

ግቢው ሲደርሱ አሮጊቷ ነቁ። ግቢው ሜዳ ነው። ቦይ የለም። የእግረኛ መንገድ የለም። ሰዓት ሠሪው ሞተሩን አጥፍቶ መሬቱን ቁልቁል አየ። እንደዚያ ሜዳ ያለ ሜዳ በዓለም አልነበረም። የሆስፒታሉ በር ላይ የረሳውን ደረጃ እዚህም ረስቶት ነበር።

«አሁንስ?» አለች ሚስቱ።

«እቆፍራለሁ።»

ለእንኳን ደህና መጡ የመጣው ጎረቤት አካፋና ዶማ አመጣ። አሮጊቷ ከላይ ሆነው መስኮቱን ዝቅ አድርገው አዘዙ። «እዚያ አይደለም፣ ጎመኔ ነው! ወዲህ። ወዲህ አልኩህ። ከአጥሩ ራቅ በል።» አማቻቸው ላቡ ጠብ እያለ ቆፈረ። እሳቸው ግን የሚቸኩሉ አይመስሉም ነበር። በዚያ ግቢ ሲኖሩ አጥሩን አሻግረው አይተው አያውቁም፤ አሁን የመንደሩ ጓሮ ሁሉ ተዘርግቶላቸዋል።

«አንተ!» ብለው ጮኹ በድንገት። ጎረቤቱ ደነገጠ። «ያቺ አረንጓዴ ባልዲ የማን ናት?»

«የቷ እትዬ?»

«ከቧንቧህ ሥር ያለችው። ጆሮዋ በሽቦ የታሰረችው።»

«እ... እርስዎ ሲታመሙ ተውሼ ነው።»

«ከማን ተውሰህ? ከዶሮዎቹ?»

ጎረቤቱ ባልዲዋን ሊያመጣ ሄደ። ሰዓት ሠሪው ቆፍሮ ጨረሰ፤ ፒካፑን አስጠግቶ የቀኝ ጎማዎቹን አወረደ። በሩ ሲከፈት ወንበሩ ሁለቱም እግሮቻቸው ቀጥ ብለው መሬት የሚነኩበት ከፍታ ላይ ነበር። ሚስቱ ክራንቾቹን አቀበለቻቸው። አሮጊቷ ቆሙ። ትንሽ ተንፍሰው፣ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ እያሉ፣ ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው በር ገቡ።

ሰዓት ሠሪው አካፋውን ተደግፎ አንዲት ቃል ጠበቀ። ምስጋና ባይሆን እንኳ አንዲት ጥያቄ፣ ስለ ባሌስትራው። አማቱ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ሲያበቁ ጠሩት።

«መኪናው ይመቻል» አሉ። «ስፖንጁን የት አገኘኸው?»

«የቱን ስፖንጅ እማማ?»

«የወንበሩን ነዋ።»

«እሱ የድሮው ነው። አልነካሁትም።»

«እንግዲያማ ወንድምህ ሞኝ ነው። እንዲህ ያለ ወንበር ጥሎ ይሄዳል?»

ሚስቱ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች። እሱም ባሌስትራውን ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፣ አሰበበት፣ ዘጋው። ወጥቶ ፒካፑን ከጉድጓዱ አወጣና አፈሩን መመለስ ጀመረ። ሁለት አካፋ ሳይሞላ መስኮቱ ተንኳኳ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ልድፈነው ብዬ ነው እማማ። ዝናብ ሲመጣ ውሃ ይይዛል።»

«ይያዝ። ሐኪሟ ለወሩ ቀጥራኛለች። በምን ልትወስደኝ ነው ታዲያ?»

ሰዓት ሠሪው መንገዱን አየ፤ ከዚያም ሰማዩን አየ። በወሩ ያ ዳገት ጭቃ ነው።

«በዚሁ ነዋ» አለ።

አካፋውን ለጎረቤቱ ሲመልስም፣ ጭቃ ላይ ስለማይንሸራተት ጎማ የሚያውቀው ነገር ካለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው።